ሆፕፉሊ ከባምጎል

ባምጎል፣ ዊሶንግ
ማርች 9 ቀን 1995

ለልጄ ለሄርዮን፣

በባሕር ማዶ ያለሽ ልጄ፣ ክረምቱና በጋው ተገላብጦብሽ እንዴት ከርመሻል? ባልሽ ግሬምስ? ትንሿ ሶራስ? የአያቶቻችን ጥላ ያን ሁሉ ውኃ ተሻግሮ በራችሁ ላይ ይረፍ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ጋር መኖር የሰለቸው ይመስላል። አባትሽም ደህና ናቸው። ትናንት የሟቹ ወንድማቸው ቤት ነውና ግቢዬ ገብተው የአጥሩ ክዳን ተሰነጠቀ ብለው ተቆጥተውኝ ሄዱ፤ ስለዚህ በጣም ደህና ናቸው።

ይህን የምጽፍልሽ ለምክንያት ነው፤ ስታነቢ ግን እንዳትስቂብኝ። እንግሊዝኛ መማር ጀምሬአለሁ። የዊሶንግ ከተማ የሴቶች አዳራሽ በነጻ ያስተምራል። የሰኞም የማክሰኞም ክፍል ነበረ፤ እኔ የመረጥኩት የሐሙስን ነው። ሐሙስ የዘሩ ሽማግሌዎች እኔ ቤት ተሰብስበው የሩዝ ጠላዬን እየጠጡ ስለ መቃብር ሣር የሚመክሩበት ቀን መሆኑን አንቺም አትረሺውም። የዘሩ ተዝካር ሁሉ ለሚደገስበት ለትልቁ ቤት ምራት ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ አንድም ሐሙስ ቁጭ ብዬ አላውቅም። አሁን ሲመጡ ምድጃው ላይ ምግብ፣ በሩ ላይ ወረቀት ያገኛሉ፤ “ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፤ የበላችሁበትን ዕቃ እጠቡ” የሚል። አባትሽ ወረቀቱን ገንጥለው ኪሳቸው ከተቱት አሉ። ዕቃውን ግን አላጠቡም።

መምህርታችን ቾ የምትባል ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት “ሆፕፉሊ” የሚባል ቃል ሰጠችን። “ገና ያልሆነ፣ እንዲሆን ግን የምትፈልጉት ነገር ሲኖር ይህን ቃል ፊት ፊት አስቀድሙት” አለችን። አሥር ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድንመጣ አዘዘችን። ምን አላት፣ ቀላል ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። ስለ ዝናቡ ጻፍኩ። ስለ ልጄ ስለ ኢንሶብ ጻፍኩ። ስለ ራሴ ልጽፍ ስል እጄ ደረቀ። ለካስ ለራሴ ምን እንደምፈልግ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ብሆን ጠይቄ አላውቅም። በመጨረሻ እንደምንም ብዬ የጻፍኳቸውን እነሆ፤

ሆፕፉሊ፣ ዘንድሮ ነጭ ሽንኩርታችን አይበሰብስም።

ሆፕፉሊ፣ ኢንሶብ በመኸር ሶንጁን ያገባል።

ሆፕፉሊ፣ የሶንጁ እናት ስለ ተዝካሮቻችን ብዛት አትሰማም።

ሆፕፉሊ፣ አባትሽ አንድ ቀን ዕቃ ያጥባሉ።

ሌሎቹን በጀርባው ታገኛቸዋለሽ። ሶንጁ ማለት ኢንሶብ ከሚሠራበት ባንክ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ያላት የቴጉ ከተማ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ድዷ ይታያል፤ ወድጃታለሁ። ኢንሶብን እርማት ብጠይቀው ሊያገባት ላሰባት ልጅ ያወራብኛል። ስለዚህ አንቺ አርሚልኝ። ጥቅሉ ውስጥ ያለው የዘንድሮ በርበሬ ነው፤ ግሬምን ቀስ አድርጊው።

አክስትሽ ጆምሬ


ደኒደን፣ ኒውዚላንድ
ኤፕሪል 2 ቀን 1995

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎም ይታረቅዎት። እኛ ሁላችን ደህና ነን። በርበሬው ደርሶናል። ግሬም በመጀመሪያው ቀን ጀግና ነኝ ብሎ፣ በሁለተኛው ቀን ከሥራ ቀርቷል።

አክስቴ፣ ሳቅኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ ቦታ፣ የምንከባከባቸው አረጋውያን እራት እየበሉ፣ ደብዳቤዎን ከትሪ ሥር ደብቄ ሳነብ ሳቄ አመለጠኝና አንዷ ባልቴት “ምን ተገኘ?” አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። “ይህቺን ሴት አምጪልኝ” አሉኝ።

ዓረፍተ ነገሮቹን አርሜ በቀይ እርሳስ መልሼልዎታለሁ፤ ስህተቱ ጥቂት ነው። እዚህ ሰዎች ያንን ቃል ለዝናብና ለራግቢ ያውሉታል። የቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ “ሆፕፉሊ ማክሰኞ እመጣለሁ” ካለ ማክሰኞ እንደማይመጣ እናውቃለን። እንደ እርስዎ ከልቡ የሚጽፈው ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ስለ አባባ ዕቃ ማጠብና ስለ ሶንጁ እናት የጻፉበትን ቅጠል ቀድደው ምድጃ ውስጥ ይክተቱት። አባባ እንግሊዝኛ ባያነቡም የሚያነብላቸው አያጡም።

ለመሆኑ ስሜን ያነሳሉ? ግሬምን ካገባሁ ወዲህ አንድ መስመር እንኳ እንዳልጻፉልኝ ያውቃሉ። እንዲያነሱኝ ብዬ አይደለም፤ ብቻ ካነሱኝ ይንገሩኝ። ካላነሱኝም ሌላ ወሬ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሄርዮን


ባምጎል
ኤፕሪል 20 ቀን 1995

ለልጄ ለሄርዮን፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ጥጋብ ለገበታሽ። ለዚያች ባልቴት አክብሮቴን አድርሺልኝ።

አባትሽ ስምሽን አያነሱም። ነገር ግን ፖስተኛው በሰፈሩ ሲያልፍ ከተቀመጡበት ይነሣሉ፤ ከዚያ ለሌላ ጉዳይ የተነሡ መስለው ዶሮዎቹን እሽ ይላሉ። እንግዲህ ከዚህ የምትወስጂውን ውሰጂ።

የሶንጁ እናት ሰማች። መስማት ብቻ አይደለም፣ ራሷ መጣች። የፍራፍሬ ሳጥን ይዛ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እንደ እንግዳ ሳሎን በመቀመጥ ፈንታ በቀጥታ ወጥ ቤቴ ገባች። ጋኖቹን አየች። ባንኮኒው ላይ የተደረደረውን የተዝካር የናስ ዕቃ አየች። አንዱን ሳህን አንሥታ መዘነችው።

“በዓመት ስንት ጊዜ ነው?” አለችኝ።

“አራት ትውልድ፣ ባልና ሚስት ለየብቻቸው። ሁለት ሚስት ያገቡም አሉ። በዓላቱ ደግሞ አሉ።”

“ስንት ጊዜ ነው ያልኩዎት?”

“አሥራ አራት።”

ሳህኑን አስቀመጠችው። “እመቤቴ፣ እርስዎንስ አከብርዎታለሁ። ልጄን ፋርማሲ ያስተማርኳት ግን ለማታውቃቸው ሙታን ዓሣ ስትጠብስ እንድትኖር አይደለም። ይህ ወጥ ቤት እንዲህ እስካለ ድረስ ሠርግ የለም።”

መቀየም ነበረብኝ አይደል? ሄርዮን፣ ልስማት ነበር የቃጣኝ። እኔ ለዚህ ቤት ስዳር እናቴ ወጥ ቤቱን መጥታ አይታልኝ ቢሆን ኖሮ! እናቴ ያየችው ጣሪያውን ብቻ ነበር።

ቆርጫለሁ። ተዝካሮቹን ሁሉ ሰብስቤ በዓመት አንድ ቀን አደርጋቸዋለሁ። ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ። ኢንሶብ “እማማ፣ እኔ ልናገር?” አለኝ። “አንተ የተናገርክ እንደሆነ የልጅ ነገር ይሉታል፤ እኔ ያበሰልኩት ልናገር” አልኩት።

በክፍል ውስጥም ይህንኑ ጻፍኩ፤ “ሆፕፉሊ፣ አያቶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ይበላሉ።” መምህርት ቾ “የትኞቹ አያቶች?” አለችኝ። “የሞቱት” አልኳት። ከኋላዬ የምትቀመጠው የወፍጮ ቤቱ ሚስት ትከሻዬን ነካ አድርጋ “እህቴ፣ እሱን ዓረፍተ ነገር ልገልብጠው?” አለችኝ።

አሁን ልመናዬን ስሚ። እኔ እዚህ ቤት አርጅቼም እስከ ዛሬ በተወለድኩበት በሳንግጁ ስም “የሳንግጁዋ” ነው የምባለው፤ ከሌላ አገር የመጣሁ ነኝ። አንቺ ግን ደማቸው ነሽ። ለአባትሽ አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ። “አክስቴ ልክ ናት” ከሚል በቀር ሌላ አያስፈልገውም።

አክስትሽ ጆምሬ


ደኒደን
ጁን 11 ቀን 1995

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እዚህ ብርዱ ገብቷል።

የዘገየሁት ስላልደረሰኝ አይደለም። በደረሰኝ ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ስለመጣልኝ ነው። አባባ ጻፉልኝ። ፖስታው ላይ ያለውን የእጅ ጽሕፈታቸውን አይቼ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጎረቤቴ ወድቄ መስሏት ሮጣ መጣች።

አንድ ገጽ ነው። የተዝካሩን ሐሳብዎን ከሰፈር ወሬ ሰምተዋል። የሳንግጁዋ በእንግሊዝኛ ምክንያት ልቧን ስታለች ይላሉ። ይህን ሐሳብ ያስገባሽባት አንቺ ነሽ ይላሉ። ወደ ቦታዋ ከመለስሻት ግን ለቹሶክ፣ ለመኸሩ በዓል፣ ልጅሽን ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ፣ አያታለሁ ይላሉ። ስለ ግሬም ምንም አላሉም። እኔ እንዴት እንደሆንኩም አልጠየቁም።

አክስቴ፣ ምን ላድርግ? ሶራ አያቷን በፎቶግራፍ ነው የምታውቀው፤ ፎቶውን ትስመዋለች፤ ባርኔጣቸው ያስቃታል። እናቴ ስትሞት አልመጣሁም። አባባም ይህን ዕድል ሁለት ጊዜ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። የዘንድሮውን ብቻ ይቻሉት። አንድ ዓመት ነው። ሠርጉም ለአንድ ዓመት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ልጆቹ ወጣቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ እኔም እጽፍላቸዋለሁ፣ እምልልዎታለሁ።

በዚህኛው ደብዳቤ የላኩልኝን ዓረፍተ ነገሮች አላረምኩም። እጄ እምቢ አለኝ።

ልጅዎ ሄርዮን


ባምጎል
ጁላይ 3 ቀን 1995

ለሄርዮን፣

ደህና ነሽ ብዬ ልጀምር፤ ደህና እንዳልሆንሽ ግን አውቃለሁ።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ወጥቼ ሽንኩርት ነቀልኩ። ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። ተናድጃለሁ፤ ባንቺ ላይ ግን አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ባንቺም ላይ።

አባትሽ የገዛ የልጅ ልጃቸውን ለማየት እኔ ወጥ ቤት መመለስ አለብኝ? ሊያዩዋት ከፈለጉ ይዩዋት! በእኔ ጉልበት አይግዟት። ደግሞስ “አንድ ዓመት ብቻ” አልሽኝ። ይህችን ቃል አማቴም ብላኛለች። ባሌም ብሎኛል፤ ነፍሱን ይማርና እሱ ሲለኝ እውነቱን መስሎት ነበር። የሶንጁ እናት ልጇን ይዛ አትጠብቅም፤ ደግሞም ልክ ናት። ያቺ ልጅ እንደ እኔ ከጓዳ በር ሆና እንድታረጅ አልፈቅድም። አለቀ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ስመለስ ሽማግሌዎቹ ገና አልተበተኑም። በጓዳ በር በመግባት ፈንታ በፊት ለፊቱ ወጣሁና ከእነሱ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም እግራቸውን ሰበሰቡ።

“እንኳን ደህና መጡ የሳንግጁዋ” አሉኝ አባትሽ። “ጠላው አልቋል።”

“ገበያ ሞልቷል” አልኳቸው። “እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። በተዝካር ላይ በጥንቱ የቻይና ቋንቋ ያንን ጸሎት ሲያነቡ መጨረሻ ላይ ‘ሳንግህያንግ’ ይላሉ። ከጓዳ ይሰማኛል። እሱን ስሰማ ሩዙን አወጣለሁ። ምን ማለት ነው?”

አባትሽ ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል፤ ታውቂያቸው የለ። ጢማቸውን ዳሰሱ። “ጥሩ ጥያቄ ነው። ‘እንግዲህ ትመገቡልናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን’ ማለት ነው።”

“ተስፋ እናደርጋለን? መብላታቸውን አታውቁም ማለት ነው?”

“የሞተ ሰው መብላቱን ማን ያውቃል? በአክብሮት እንመኛለን እንጂ።”

“እንዴ! ታዲያ ሆፕፉሊ ነዋ!”

“ምን አሉ?”

“ይህን ያህል ዘመን በቤቴ ሆፕፉሊ ሲባል ኖሮ እኔ ለመማር አውቶቡስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ!” አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምላሴን የሚይዘው አልተገኘም። “የእናንተ ተስፋ አንድ ቃል ነው። ትሉታላችሁ፣ ትሰግዳላችሁ፣ ትበላላችሁ። የእኔ ግን ናስ መወልወል ነው፣ ዓሣ መላጥ ነው፣ ዘይት ፊት መቆም ነው። ይብሉ አይብሉ እናንተም ካላወቃችሁ፣ እኔም የራሴን ተስፋ ላድርግ። በዓመት አንድ ቀን፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ይበሉልናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።”

“ሙታንን እንደ ሠርገኛ በአንድ ድንኳን?” አሉ አባትሽ። “አማትና ምራትን በአንድ ገበታ?”

“በሕይወት እያሉስ በአንድ ገበታ ይበሉ አልነበረም?”

“ምራቶቹ አይበሉም ነበር” አለ ጆሮው የማይሰማው ሽማግሌ፣ ለካስ ያንን ሰምቶ ኖሯል። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና አቀረቀረ።

አባትሽ ፊታቸው ቀላ። “ይህ ቤት የእርስዎ አይደለም። የኢንሶብም አይደለም። የዘሩ ነው። ተዝካሩን ያቋረጠ ሰው ጣሪያውን ይዞ አይቀርም።”

ቁልፉ ወገቤ ላይ ነበር። ፈታሁትና ከጠላው ጣሳ አጠገብ አስቀመጥኩት። “እንግዲያውስ ይኸው ጣሪያችሁ። የአያቶቹም የስም ሰሌዳ ካለበት አልነካውም፤ እሱም የእናንተ ነው። የኦገስቱን ተዝካር ያዘጋጀ ሰው ይበላዋል።” ተነሥቼም በገባሁበት በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ።

አባትሽ አትጻፊላት ካሉሽ አትጻፊልኝ። አልቀየምሽም። ውሸቴን ነው፣ እቀየማለሁ። ግን ይገባኛል።

አክስትሽ ጆምሬ


ዊሶንግ ከተማ፣ ከዘይት መጭመቂያው በላይ
ኦክቶበር 30 ቀን 1995

ለሄርዮን፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስሽ አልመጣም፤ እኔ ግን አድራሻ ስለቀየርኩ እንድታውቂው ነው።

ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። ከታች ሰሊጥ ይጨመቃል፤ ልብሴ፣ ጸጉሬ፣ ደብተሬ ሁሉ የሰሊጥ ጠረን ነው። ከባምጎል ያመጣሁት ልብሴንና አንድ ድስት ነው። ስወጣ የዘሩ ሚስቶች በየአጥራቸው ቆመው አዩኝ፤ አንዲትም አልተናገረችም። የኦገስቱ ተዝካር ሲደርስ ግን ሁሉንም ወገባቸውን አመማቸው። ሁሉንም፣ በአንድ ቀን! ሽማግሌዎቹ ከገበያ የተጠበሰ ገዝተው አቀረቡ አሉ፤ የፕላስቲክ ክዳኑን ማንሣት ረስተው ጸሎቱ ተነቧል አሉ። አልሳቅኩም ብልሽ አታምኚኝም።

ኢንሶብና ሶንጁ ተጋቡ። የሶንጁ እናት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ስታለቅስ መሐረቤን ወሰደችና እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም። ከአባትሽ ወገን አንድ ሰው አልመጣም። ወንበራቸውን እስከ መጨረሻው ባዶ አስቀምጬላቸው ነበር፤ ይህም አናደደኝ። ለምን እንዳስቀመጥኩላቸው እንጃ።

የሐሙሱን ትምህርት አላቋረጥኩም። ባለፈው ሐሙስ የጻፍኩት ይህ ነው፤ “ሆፕፉሊ፣ ሄርዮን በሕይወት አለች፣ ተናድዳ ብቻ ነው።” እርማት ካለው ላኪልኝ።

አክስትሽ ጆምሬ


ደኒደን
ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1996

ለምወድዎ አክስቴ፣

አዲሱ ቤትዎ ይሙቅልዎት፤ ሰሊጡም ይብዛልዎት። በሕይወት አለሁ። እርማት የለውም።

አልተናደድኩም ነበር አክስቴ። አፍሬ ነው። የጁላዩ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ለአባባ ጻፍኩላቸው። “የሳንግጁዋን ወደ ቦታዋ አልመልሳትም። ልጄም የማንም ምንዳ አይደለችም። ማየት ከፈለጉ ስሟ ሶራ ነው፣ አድራሻችንም ይኸው” አልኳቸው። ፖስታ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ከከተትኩት በኋላ እጄን አስገብቼ ላወጣው ሞከርኩ፤ ሠራተኛዋ ተቆጣችኝ። መልስ አልመጣም። ሴፕቴምበር አለፈ፣ ቹሶክም አለፈ። ለእርስዎ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር አባባ ላይ በር ዘግቻለሁ የሚል ነገር ይይዘኝና እተወዋለሁ። ሠርጉንም በዚህ ምክንያት ሳልመርቅ ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ግን ስልክ ተደወለ። ግሬም አነሣና ፊቱ ተለዋውጦ ሰጠኝ።

“ፒልሆ ነኝ” አለ ድምፁ። አባባ ናቸው፤ ስማቸውን ልክ ለማያውቁት ሰው እንደሚነገር ነገሩኝ።

“አባባ?”

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ሾርባው ላይ ጨው ስንት ነው የሚገባው?”

አክስቴ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን እንደምላቸው ሳጠና ኖሬ፣ የተጠየቅኩት ጨው ነው!

“እንደ ድስቱ ነው አባባ። ማን ነው የሚያበስለው?”

“እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? በገበያ ምግብ አያቶችን ሦስቴ አዋረድናቸው።” ሲያማስሉ ተሰማኝ። “ከሙታን በፊት መቅመስ ነውር ነው። ሳይቀመስ ልኩ እንዴት ይታወቃል?”

“አይታወቅም።”

“የሳንግጁዋስ እንዴት ታውቅ ነበር?”

“እሳቸውም አያውቁም ነበር። ገምተው ይጨምራሉ። ከዚያ እናንተ ስትበሉ ከጓዳ በር ሆነው ፊታችሁን ያያሉ። እናቴም እንደዚያ ነበረች፤ እኔንም ስታስተምረኝ ‘ምግቡን ተዪው፣ ፊታቸውን እዪ’ ነበር የምትለኝ።”

ድስቱ ሲፈላ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

“ፊታችንን?” አሉኝ።

“አዎ አባባ።”

ያን ጊዜ ሶራ ቀሚሴን ጎትታ “ማን ነው? ማን ነው?” አለች። ሰሟት። “ማን ናት?” አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ትንፋሻቸውን ሰማሁት። ከዚያ “ድስቱ ገነፈለ” ብለው ዘጉት።

ገንፍሎ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን አክስቴ፣ እኔ ቲኬት ገዝቻለሁ። ለቹሶክ ሶራንም ግሬምንም ይዤ እመጣለሁ። አባባ ቢከፍቱ ደስ ይለኛል፤ ባይከፍቱም እርስዎ ዘንድ ወለሉ ላይ እንተኛለን። ለመምጣት ፈቃድ መጠየቅ ትቻለሁ።

ልጅዎ ሄርዮን


ዊሶንግ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1996

ለልጄ ለሄርዮን፣

አዲሱ ዓመት በአካል የምንገናኝበት ይሁንልን። ኑ። ወለሉ ይበቃል፤ ግሬም ረጅም ከሆነ እግሩን ደረጃው ላይ ያደርገዋል።

ደብዳቤሽ ከጨረቃው አዲስ ዓመት በዓል ሁለት ቀን በፊት ደረሰኝ። ስለ ጓዳው በር የነገርሻቸውን ሳነብ መጀመሪያ ተቆጣሁ። እሱ የእኛ ነገር ነበር፤ ወንዶቹ እንዲያውቁት የተፈለገ አልነበረም። ከዚያ ደግሞ ለምን አይወቁ አልኩ። ይወቁት!

በበዓሉ ዋዜማ ኢንሶብና ሶንጁ ከቴጉ መጥተው ነበር። ኢንሶብ ራዲዮኔን ይጠግናል፣ ሶንጁና እኔ ተጋድመን ብርቱካን እንልጣለን። በበዓል ዋዜማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተጋድሜ! በሩ ተንኳኳ። የመጭመቂያው ሰውዬ ኪራይ ሊጠይቅ ነው ብዬ ከፈትኩ።

አባትሽ ናቸው። ነጩን የተዝካር ካባቸውን ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ እጃቸው ላይ በጨርቅ የታሰረ የናስ ድስት አለ። ከባምጎል ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው፣ እንዳይፈስ ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው የመጡት። የካባው እጅጌ በቅባት ርሷል። ጣታቸው ላይ የተቃጠለ ቦታ አየሁ፤ እኔም እዚያው ጣት ላይ አለብኝ።

“የሳንግጁዋ” አሉ።

“አቤት።”

አይገቡም። አይሄዱም። ከታች መጭመቂያው ይጮሃል።

“የነገው ሾርባ ነው” አሉ በመጨረሻ።

“ታዲያ ለእኔ ምን ሊያደርግልኝ አመጡት?”

ድስቱን አዩት። “ይቅመሱልኝ።”

“ከአያቶቹ በፊት?”

“ከአያቶቹ በፊት።”

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ትቀበላቸው ነበር። እኔ ግን “ሶንጁ፣ ነይ እስቲ” ብዬ ምራቴን ጠራኋትና አጠገቤ አቆምኳት። “ያሉትን አልሰማችም። እባክዎ ይድገሙልኝ።”

የማይደግሙት መስሎኝ ነበር። ሶንጁን አዩዋት፤ ሠርጓ ላይ ያላዩዋትን ልጅ የዚያን ጊዜ ገና አዩዋት። ሰሊጥ ጠረን ባለበት ደረጃ ላይ ቆመው ደገሙት፤

“ከአያቶቹ በፊት፣ የሳንግጁዋ ይቅመሱልኝ።”

“ይግቡ” አልኳቸው። ገቡ። ማንኪያ ለማምጣት አልተነሣሁም። ቁጭ አልኩ። ማንኪያውን ኢንሶብ አመጣ። ክዳኑን አባትሽ ራሳቸው ከፈቱት፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ያንን ሾርባ ለአራት ትውልድ ሙታን ስቀቅል ኖሬ፣ ትኩሱን አፌ አስገብቼው አላውቅም ነበር፤ ለእኔ ሲደርሰኝ ሁልጊዜ በርዶ፣ ሥጋው ተለቅሞ ነው።

ቀመስኩት። ቀና ስል አባትሽ ጉልበታቸውን ሰብስበው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ፊቴን ያያሉ።

ብዙ ጊዜ እንዲያዩት ተውኳቸው። ከዚያ “ጨው ያንሰዋል” አልኳቸው።

አክስትሽ ጆምሬ